ከብስክሌት ወድቆ የተጎዳ አንጎል እንዴት ያገግማል?

ከብስክሌት የወደቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ተነሥቶ ልብሱን ማራገፍ ነው። ጉልበቱ ተልጦ እንደሆነ ያያል፤ የብስክሌቱ መሪ ተጣምሞ እንደሆነ ይፈትሻል፤ በዙሪያው ለተሰበሰቡት መንገደኞችም «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። የተላጠ ጉልበትም ሆነ የተጣመመ መሪ በዓይን ይታያል። የተናወጠ አንጎል ግን አይታይም። በዚህም የተነሣ በማግስቱ ራሱን የሚያመው፣ ብርሃን የሚያስጠላው፣ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ ምንም የማይዘው ተማሪ ችግሩ ከአደጋው ሳይሆን ከስንፍናው የመጣ ይመስላል፤ ለቤተሰቡ፣ ለመምህሩ፣ አንዳንዴም ለራሱ ለተጎጂው።

በዚህ ጽሑፍ ከብስክሌት መውደቅ በአንጎል ላይ ምን እንደሚያደርስ፣ አፋጣኝ ሕክምና የሚሹት ምልክቶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ እንዲሁም የተጎዳ አንጎል በምን መንገድ ወደ ቀድሞ ሥራው እንደሚመለስ እንመለከታለን። ጽሑፉ የሐኪምን ምርመራ የሚተካ አይደለም፤ ዓላማው አንባቢው በራሱ ወይም በጓደኛው ላይ አደጋው ቢደርስ ነገሩን በጊዜው እንዲረዳ ማገዝ ነው።

አንጎል በማደሪያው ውስጥ

የአዋቂ ሰው አንጎል በአማካይ ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በውስጡ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ። ሕዋሳቱ እርስ በርስ የሚገናኙት አክሰን በሚባሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች አማካይነት ነው። በሕይወት ያለ አንጎል በጣም ለስላሳ ነው፤ ከጡንቻ ይልቅ የረጋ እርጎን ያስታውሳል። ይህን ለስላሳ አካል ከውጭ ጠንካራው የራስ ቅል ይጠብቀዋል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥና ዙሪያ የሚዘዋወረው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚሆን ንጹሕ ፈሳሽ ደግሞ አንጎልን አንሳፎ ይይዘዋል።

ይህ አሠራር ለዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ በቂ ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲቆም ግን ሁኔታው ይለወጣል። ታክሲ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደ ፊት እንደሚወረወር ሁሉ፣ የራስ ቅል አስፋልት ላይ አርፎ ሲቆም አንጎል ጉዞውን ለመቀጠል ይሞክራል። በመጀመሪያ በተመታው በኩል ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል፤ ብዙ ጊዜም በተቃራኒው በኩል ይጎዳል። ከኋላ የተመታ ሰው የፊተኛው የአንጎሉ ክፍል ተጎድቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ጉዳቱ ሁሉ ከግጭት የሚመጣ አይደለም። በዚህ ረገድ አንድ የታሪክ አጋጣሚ መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎውረንስ ሞተር ብስክሌት እየነዳ ሳለ፣ በብስክሌት ይሄዱ የነበሩ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት መንገዱን ቀይሮ ወደቀ፤ ከስድስት ቀናት በኋላም ሕይወቱ አለፈ። ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ከዚያ በኋላ በሞተረኞች የጭንቅላት ጉዳትና በሄልሜት ጥቅም ላይ ሰፊ ምርምር አደረገ። ከእርሱ ጋር በኦክስፎርድ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሆልቦርን ደግሞ በ1943 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የአንጎልን አምሳያ ከጄላቲን ሠርቶ፣ ከቀጥተኛ ግፊት ይልቅ የጭንቅላት ድንገተኛ መሽከርከር አደገኛ መሆኑን አስረዳ። ጭንቅላት ሲሽከረከር የአንጎል ክፍሎች እኩል አይዞሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት በመካከላቸው የተዘረጉት አክሰኖች ይለጠጣሉ፤ ኃይሉ ከበረታም ይበጠሳሉ።

የአወዳደቁ ሒሳብ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ፊዚክስ ጉዳዩን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። አንድ ብስክሌተኛ ሚዛኑን ስቶ ወደ ጎን ቢወድቅ ጭንቅላቱ ከ1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወርዳል እንበል። መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 5.4 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ልብ በሉ፤ ይህ ከመውደቅ ብቻ የተገኘ ፍጥነት ነው። ብስክሌቱ ቆሞ እንኳ ቢሆን ለውጥ የለውም።

ጉዳቱን የሚወስነው ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላት በምን ያህል ርቀት ውስጥ ቆመ የሚለው ነው። የወደቀበትን ከፍታ ለቆመበት ርቀት ብናካፍል፣ በጭንቅላት ላይ የሚያርፈው አማካይ ጉልበት ከራሱ ክብደት ስንት እጥፍ እንደሚሆን በግምት እናገኛለን። ራቁቱን የሆነ ጭንቅላት አስፋልት ላይ በ5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 1.5 ሜትር ለ0.005 ሜትር ሲካፈል 300 እጥፍ ይሆናል። በጭንቅላቱና በአስፋልቱ መካከል የሚጨፈለቅ ነገር ኖሮ ርቀቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ግን ውጤቱ ወደ 75 እጥፍ ይወርዳል። የሄልሜት ምስጢር በሙሉ በዚህ ማካፈል ውስጥ አለ፤ ሄልሜት የመቆሚያውን ርቀት ያረዝማል። የአውሮፓ የብስክሌት ሄልሜት መመዘኛም ሄልሜቱን በሴኮንድ 5.42 ሜትር ፍጥነት ከጠፍጣፋ ብረት ጋር አጋጭቶ ይፈትነዋል። ከፍተኛው መጠን ከመሬት ስበት 250 እጥፍ ካለፈ ሄልሜቱ ፈተናውን ይወድቃል።

በሕዋስ ውስጥ የሚነሣው ቀውስ

የአንጎል መናወጥ፣ በሐኪሞች አነጋገር ኮንከሽን፣ የደረሰበት ሰው በሲቲ ስካን ሲታይ ብዙ ጊዜ ምንም ጉዳት አይገኝበትም። ይህ «ጉዳት የለም» ማለት አይደለም። ሲቲ ስካን የአጥንት ስብራትንና የደም መፍሰስን ለማየት የሚረዳ መሣሪያ ሲሆን፣ የመናወጥ ጉዳት ግን የሚደርሰው በሕዋስ ደረጃ ነው።

የነርቭ ሕዋስ ሽፋን በድንገት ሲለጠጥ መግቢያና መውጫ በሮቹ ያለ ሥርዓት ይከፈታሉ። ፖታሲየም ከሕዋሱ ይወጣል፤ ካልሲየም ይገባል፤ ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ኬሚካል ከመጠን በላይ ይፈስሳል። ሕዋሱ ሥርዓቱን ለመመለስ የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፖቹን በሙሉ ኃይል ያሠራል። ለዚህም ብዙ ኤ.ቲ.ፒ.፣ ኤ.ቲ.ፒ. ለመሥራትም ብዙ ግሉኮስ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በዚሁ ሰዓት ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ፍሰት ሊቀንስ ይችላል፤ የገባው ካልሲየምም የሕዋሱ የኃይል ማመንጫ የሆነውን ማይቶኮንድሪያ ሥራ ያውካል። ፍላጎት ሲጨምር አቅርቦት ይቀንሳል ማለት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሁኔታ የኃይል ቀውስ ይሉታል። ከመጀመሪያው ግርግር በኋላም ሕዋሱ ለቀናት በተቀነሰ አቅም ይሠራል።

የተጎጂው ስሜት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ድምፅ አለመቻል፣ የሐሳብ መዘግየት፣ መርሳት፣ ቶሎ መቆጣት፣ የእንቅልፍ መዛባት ሁሉ ኃይል ባጠረው አንጎል ላይ የሚታዩ ናቸው። ራስን መሳት ግን ግዴታ አይደለም፤ የአንጎል መናወጥ ከደረሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ለአንድ አፍታ እንኳ ራሳቸውን አይስቱም።

መዘግየት የማይገባባቸው ምልክቶች

ሐኪሞች የጭንቅላት ጉዳትን ክብደት የሚለኩት እ.ኤ.አ. በ1974 ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት በግላስጎው ባዘጋጁት መለኪያ ነው። መለኪያው የዓይን መከፈትን፣ ንግግርንና የአካል እንቅስቃሴን መዝኖ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። ከ13 እስከ 15 ያገኘ ጉዳቱ ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ያገኘ ከባድ ይባላል። «ቀላል» የሚለው ቃል ግን ሊያታልል አይገባም፤ በመጀመሪያው ሰዓት 15 ነጥብ ያገኘ ሰው በኋላ ሊብስበት ይችላልና።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ በራስ ቅልና በአንጎል የውጭ ሽፋን መካከል የሚጠራቀም ደም ነው። በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው አጥንት ስስ ሲሆን ከሥሩ የደም ቅዳ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቅዳው ሊበጠስ ይችላል። ተጎጂው ይነሣል፣ ይናገራል፣ ወደ ቤቱም ይሄዳል፤ ደሙ ግን እየተጠራቀመ አንጎልን ይጫናል። ከሰዓታት በኋላ ተጎጂው ይፈዝዛል፣ ራሱንም ይስታል። በጊዜው ቀዶ ሕክምና ካገኘ ሙሉ በሙሉ ሊድን የሚችል ሰው፣ «ደህና ነው» ተብሎ በመተዉ ብቻ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ቢታይ ተጎጂው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል፦ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መድከም፣ የንግግር መተሳሰር፣ የዓይን ብሌኖች መጠን መለያየት፣ ሰውንና ቦታን አለመለየት፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ የሚወርድ ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም፣ ሲቀሰቀሱ አለመንቃት። በአደጋው ቦታም አንገት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ራሱን የሳተን ሰው ያለ አስገዳጅ ምክንያት ማንገላታት፣ ውኃ እንዲጠጣ ማድረግ ወይም ጎትቶ ማስነሣት አይገባም።

ብዙ ሰዎች ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ፈጽሞ መተኛት የለበትም ብለው ያምናሉ። የሚጎዳው እንቅልፉ ሳይሆን፣ የተኛ ሰው ሁኔታ ሲለወጥ የሚያስተውል አለመኖሩ ነው። በሐኪም ታይቶ አደገኛ ምልክት ያልተገኘበት ሰው መተኛት ይችላል፤ እንቅልፍ የማገገሙ አንድ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ግን የሚከታተለው ሰው አብሮት መኖር አለበት።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ የሐኪሞቹ ቁጥር ቢያድግም፣ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ተጎጂ መንገዱ ረጅም ነው። ምልክቶቹን ቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው፤ የሚተርፈው ሰዓት የሚገኘው ከሆስፒታሉ ደጅ ሳይሆን ከአደጋው ቦታ ነውና።

ዕረፍት እስከ ስንት ቀን?

ቀደም ባሉት ዓመታት የተናወጠ አንጎል ያለበት ሰው ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፉ በጨለማ ክፍል እንዲተኛ ይመከር ነበር። ይህ ምክር ዛሬ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስተርዳም ተሰብስበው መግለጫቸውን በ2023 ያሳተሙት የዘርፉ ባለሙያዎች፣ የተራዘመ ፍጹም ዕረፍት እንደማይጠቅም አስታውቀዋል። የሚመከረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት የሚቆይ አንጻራዊ ዕረፍት ነው። በእነዚህ ሰዓታት ተጎጂው የቤት ውስጥ ቀላል እንቅስቃሴ ያደርጋል፤ ስልክና ኮምፒውተር መመልከትን ይቀንሳል። ከዚያም በእግር መንሸራሸርን የመሰለ ቀላል እንቅስቃሴ ይጀምራል። ምልክቶቹ በመጠኑና ለአጭር ጊዜ ቢነሡ ሊያስደነግጠው አይገባም፤ በግልጽ ከባሱበት ግን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል።

አብዛኞቹ አዋቂዎች በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሕፃናትና ወጣቶች ደግሞ በአራት ሳምንት ገደማ ያገግማሉ። ከዚያ በላይ የሚቆይባቸውም አሉ። ለእነዚህ የአንገት ሕክምና፣ የሚዛን ልምምድና የሥነ ልቡና ድጋፍ ሊረዱ ስለሚችሉ፣ «ይለፋል» ብሎ መቀመጥ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ መመለስ ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልኮል መጠጣት አይገባም። ለራስ ምታት የሚወሰድ መድኃኒትም በሐኪም ምክር ቢሆን ይመረጣል፤ አስፕሪንን የመሰሉ መድኃኒቶች የደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉና።

ተማሪውና ትምህርቱ

ለተማሪ በጣም አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። እግሩ ለተሰበረ ተማሪ ጄሶው ይመሰክርለታል፤ አንጎሉ ለተናወጠ ግን የሚመሰክርለት ነገር የለም። ፈተና በደረሰበት ሰሞን ከሆነ ደግሞ፣ ያመለጠውን ለማካካስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ የሚፈልገውን እንቅልፍ ያጣል፤ ውጤቱ ሲያሽቆለቁልም በራሱ ችሎታ ላይ ያለው እምነት ይጠፋል።

ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ትምህርት ከስፖርት አስቀድሞ እንዲጀመር፣ እርሱም በደረጃ እንዲሆን ነው። በመጀመሪያ በቤት ውስጥ አጫጭር ንባብ፤ ቀጥሎ በመካከሉ ዕረፍት ያለው የግማሽ ቀን ትምህርት፤ በመጨረሻ ሙሉ ቀን። በዚህ ጊዜ መምህራን ፈተና ሊያራዝሙለት፣ የክፍል ማስታወሻ በጽሑፍ ሊሰጡት፣ ራሱን ሲያመው ለጥቂት ደቂቃ እንዲወጣ ሊፈቅዱለት ይችላሉ። ይህ ውለታ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው። ተማሪውም በበኩሉ ሕመሙን ሳይደብቅ መናገር አለበት።

ወደ ብስክሌት መመለስስ?

ብስክሌት መንዳት ሚዛንን፣ ፈጣን ውሳኔንና ንቁ ዓይንን በአንድነት ይጠይቃል። የተናወጠ አንጎል የሚያጣውም እነዚህኑ ነው። ላትቪያዊው ብስክሌተኛ ቶምስ ስኩይንሽ እ.ኤ.አ. በ2017 በካሊፎርኒያ ውድድር ላይ ወድቆ ሲነሣ እየተንገዳገደ ሌሎች ተወዳዳሪዎች በሚያልፉበት መንገድ መካከል ሲሄድ በቴሌቪዥን ታይቷል፤ ያም ሆኖ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ጥቂት ተጉዟል። ፈረንሳዊው ሮማን ባርዴ በ2020 በቱር ደ ፍራንስ ወድቆ የዕለቱን ጉዞ ከጨረሰ በኋላ፣ በምርመራ በአንጎሉ ውስጥ ትንሽ የደም መፍሰስ ተገኝቶበት ውድድሩን አቋርጧል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም በዚያው ዓመት መጨረሻ የአንጎል መናወጥን የሚመለከት መመሪያ ይፋ አደረገ። ከሁለቱ ሰዎች የምንማረው፣ የተጎዳው አካል ራሱ ፈራጁ አካል በመሆኑ የተጎጂው «እችላለሁ» ማለት ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ነው።

የተሻለው መንገድ ከቦታው በማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት መጀመር ነው፤ ልብን ያሠራል፣ መውደቅን ግን አያስከትልም። ቀጥሎ መኪና በሌለበት ሜዳ ብቻን መንዳት፣ ከዚያ መንገድ ላይ መውጣት፣ በመጨረሻም በሐኪም ፈቃድ ከሌሎች ጋር መወዳደር ይከተላል። በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ሊኖር ይገባል። አንጎል ከኃይል ቀውሱ ሳይወጣ ሁለተኛ ምት ቢደርስበት ጉዳቱ ይበረታል፤ አልፎ አልፎም በወጣቶች ላይ ለሞት የሚያደርስ የአንጎል እብጠት ሊያስከትል ይችላል።

ጉዳቱ ከባድ ሲሆን

በ2000 እና በ2004 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ በጀልባ ቀዘፋ ወርቅ ያገኘው እንግሊዛዊው ጄምስ ክራክኔል በጁላይ 2010 በአሜሪካ አሪዞና ብስክሌት ሲነዳ የአንድ ከባድ መኪና ስፖኪዮ ከኋላ ጭንቅላቱን መታው። ሄልሜት አድርጎ ነበር። ምቱ ከኋላ ቢሆንም የተጎዳው በዋናነት ፊተኛው የአንጎሉ ክፍል ነበር። ይህ ክፍል ዕቅድ የምናወጣበት፣ ቁጣችንን የምንገታበት፣ ነገር ለመጀመር የምንነሣሣበት ነው። በመሆኑም አካሉ ድኖ ሳለ ጠባዩ መለወጡን፣ የሚጥል በሽታ እንደያዘው፣ የማሽተት ስሜቱ እንደተጎዳ ራሱና ቤተሰቡ በይፋ ተናግረዋል። የማሽተት ነርቮች ከአፍንጫ በላይ ባለው ስስ አጥንት ቀዳዳዎች ስለሚያልፉ፣ አንጎል ሲንሸራተት በቀላሉ ይቆረጣሉ።

ከባድ ጉዳት የደረሰበት አንጎል የሞቱ ሕዋሳቱን በአዲስ አይተካም ማለት ይቻላል። የሚያገግመው በሌላ መንገድ ነው። እብጠቱ ሲቀንስ በድንጋጤ ሥራ ያቆሙ ሕዋሳት ይመለሳሉ፤ የቀሩት ሕዋሳትም አዳዲስ ግንኙነቶችን ይፈጥራሉ። እነዚህ ግንኙነቶች የሚጠናከሩት በተደጋጋሚ ልምምድ ነው። ማስታወሻ መያዝን፣ ቀንን በሰዓት መከፋፈልን፣ ንግግርንና እርምጃን እንደገና መማር ወራትና ዓመታት ይወስዳል። ክራክኔል በ2019 በ46 ዓመቱ ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቀዝፎ ኦክስፎርድን ካሸነፈው ቡድን አንዱ ሆነ፤ በውድድሩ ታሪክም በዕድሜ አንጋፋው ተወዳዳሪ ነበር። ሆኖም ማገገም ማለት የቀድሞውን ሰው እንዳለ መልሶ ማግኘት ላይሆን እንደሚችል፣ ከአዲሱ ማንነት ጋር መኖርን መማርም እንደሆነ ታሪኩ ያሳየናል።

መከላከሉ

ካዛኪስታናዊው አንድሬ ኪቪሌቭ በማርች 2003 በፈረንሳይ በተደረገ ውድድር ያለ ሄልሜት ወድቆ ከሞተ በኋላ፣ ሄልሜት በታላላቅ ውድድሮች ግዴታ ሆነ። በ2016 የታተመና ከ64,000 በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ሄልሜት ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ሄልሜት ግንባርን የሚሸፍን፣ ማሰሪያው የጠበቀ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ከተጋጨም ውስጡ ተጨፍልቆ ስለሚቀር መለወጥ ይገባዋል። ያም ሆኖ የጭንቅላትን መሽከርከር ሙሉ በሙሉ አይገታም፤ ስለዚህ የሄልሜት መኖር ከምርመራ አያድንም።

በኢትዮጵያ የብስክሌት ስፖርት ረጅም ታሪክ አለው። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞች ነበሩን፤ በ2016 ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌት ርካሽና ጤናማ መጓጓዣ በመሆኑ ተማሪዎች ቢጠቀሙበት እንወድዳለን። ከእነርሱ የምንጠብቀው፦ ከመነሣታቸው በፊት ሄልሜታቸውን እንዲያጠልቁ፣ ጓደኛቸው በወደቀ ጊዜ ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ንግግሩንና ዓይኑን እንዲያስተውሉ፣ አንጎሉ የተናወጠ የክፍል ጓደኛ ሲኖራቸውም ሰነፍ ከማለት ይልቅ ማስታወሻቸውን እንዲያውሱት ነው።